በካ የሚጀምረው ቤዝ

ፔቲ ጓቭ፣ ሜይ 10 ቀን 1987

ለተከበርከው አበልጄ ለኖርሴዩስ፣

በዚህ ከተማ ውስጥ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በፊት አልተፈጠረም። እሺ፣ ቄሱ ይጽፋሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊም ይጽፋል። እነሱ ግን በልጅነታቸው የተማሩ ናቸው፤ ያኔ ሌላ ምን ሥራ ነበራቸው? በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ ቀን ጀልባ ሲጠግን ውሎ፣ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሕፃን በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ እየተቀመጠ፣ በሰባት ወር ፊደል የጨረሰ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሺ፣ ሦስት ነን። ሁለቱ ግን ሴቶች ናቸው፤ ሴት ደግሞ ቶሎ ይገባታል፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

ይህን ወረቀት ስትይዝ እንግዲህ ቀጥ ብለህ ቁም። የያዝከው የእኔን እጅ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ሥራው እንዴት ነው? የጓዴሎፕ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ ደህና ነን። ክሌሚዝ ደህና ናት፤ «አበልጃችንን ሳምልኝ» ብላኛለች፤ ሰው በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ገና አልተማርንም። ክርስትና ልጅህ ማርጂና ቁመቷ ከእኔ ትከሻ ደርሷል፤ ምላሷ ግን አልፎኛል።

ድምፄን ቀድቼ ካሴት ለምን እንዳልላክሁልህ፣ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። አልጠፋብኝም። ሆን ብዬ ነው። ታውቃለህ፣ በግቢያችን የሚሠራ ቴፕ ያላቸው እማማ ኦሊብሪስ ብቻ ናቸው። የአንተ ካሴት በመጣ ቁጥር ዓሣ ሻጩም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ አላፊ አግዳሚውም በራቸው ላይ ይሰበሰባል። ባለፈው ስለ ኪንታሮትህ የነገርከኝን ግቢው በሙሉ ሰምቶ ሦስት ዓይነት ቅጠል አዝዞልሃል። ቅጠሉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ የትኛው በየት በኩል እንደሚገባ ግን አልተስማሙም።

አሁን የምነግርህ ነገር እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

መሪያችን ማስትሮ ፍሎርቪል ለሙዚቃ ባንዳችን፣ ለ«የጓቭ ኮከብ»፣ ከፖርት ኦ ፕራንስ አንድ ጎረምሳ አምጥተዋል። ኤድዜር ይባላል። ኪቦርድ ይጫወታል። ቀኝ እጁ ዜማውን ይጫወታል፤ ግራ እጁ ደግሞ፣ ስማኝ አበልጄ፣ ግራ እጁ የቤዝ ጊታሩን ድምፅ ይጫወታል! ዋና ከተማ ውስጥ አዲሶቹ ባንዶች ሁሉ እንዲህ ሆነዋል አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫወትኩትን ነገር እሱ ሻይ በሚያማስልበት እጁ ይሠራዋል።

የእኔ ቤዝ ደግሞ፣ አንተ የምታውቀው አሮጌው፣ በባሕሩ እርጥበት አንገቱ ጎብጧል። ማስትሮ አነሱትና በአንድ ዓይናቸው አይተው፣ «ሜሪልየን፣ ይኼ ቤዝ አይደለም፤ ቀስት ነው። ሂድና አደን ውጣበት» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን እራቴን አልበላሁም።

የቆረጡት ነገር ይህ ነው። ኦገስት 15፣ ለእመቤታችን በዓል፣ በደብሩ አዳራሽ እንጫወታለን። የመጀመሪያውን አጋማሽ የኤድዜር ግራ እጅ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ እኔ። «ሕዝቡን አያለሁ፤ ሕዝቡ የወደደው ካርኒቫል ድረስ ከእኔ ጋር ይሄዳል» ብለዋል። ያ እኔ ካልሆንኩ ሜሪልየን የሚባል ቤዝ ተጫዋች የለም ማለት ነው። ሜሪልየን የሚባል ጀልባ ጠጋኝ ብቻ ይቀራል።

አንተ በፑዋንታፒትር የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሣጥን ትሸከማለህ። ይቅርታ፣ «ዕቃ ትቆጣጠራለህ» ነበር ያልከው። ለጀልባዬ ሞተር ያጠራቀምኳትን ገንዘብ በአማችህ እጅ ልኬልሃለሁ። ሞተሩ ይቅር፤ መቅዘፊያ አለኝ። አንድ ቤዝ ፈልግልኝ፤ የማንም ሳይሆን ስም ያለው ሰው። ገብቶሃል? ግራ እጅን የሚያሳፍር ቤዝ።

አበልጅህ፣
ሜሪልየን (በራሱ እጅ)


ፔቲ ጓቭ፣ ጁን 14 ቀን 1987

ለአበልጄ ለኖርሴዩስ፣

ሰላምታ ይድረስህ። ይድረስህ ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ተቀይሜሃለሁ።

ምን አድርጌህ ነው? እኔ ሁለት ሌሊት ላቤን አንጠፍጥፌ ደብዳቤ ስጽፍልህ፣ አንተ በካሴት ትመልስልኛለህ? «ሌላ ሰው አጽፎ ነው» ብለህ ነው አይደል? ጽሑፉ ስላማረብህ። ይሁን፣ ማማሩን አልክድም። ካሴቱን ያመጣው ሰው ግን እኔን ሲያጣ ለማን ሰጠው? ለእማማ ኦሊብሪስ! ከሥራ ስመለስ ግቢው በሙሉ በርጩማ ይዞ ተሰብስቧል፤ የተጠበሰ ሙዝ እንኳ ይሸጥ ነበር። ምስጢሬን ያወቅሁት ከሁሉም መጨረሻ ነው።

እነሱም እንደ እኔ ሰሙት እንግዲህ። ሁለት ቤዝ እንዳለ፤ ሁለቱም የጌታቸው ፊርማ በራሳቸው፣ በአንገታቸው ጫፍ ላይ እንዳለባቸው፤ ፋብሪካው ለሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ብሎ፣ እያንዳንዱን በጌታው አመል ልክ እንደሠራው። አንደኛው የክሌርቮ ነው። ነጭ፣ እንደ ቄስ ልብስ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን አንገት፣ አምስት ክር፤ አምስተኛው ክር ከምድር በታች የሚናገር። ሁለተኛው የፓፓ ሎሎ ነው። እንጨቱ እንጨት መስሎ የቀረ፣ ከባድ፣ አንገቱ እንደ ወደብ ሠራተኛ የወፈረ፣ አራት ክር ብቻ። አንዱን ብቻ ልትገዛልኝ እንደምትችል፣ ከተጫነ በኋላ መለወጥ እንደሌለ፣ የካፒቴን ዱማርሴ ጀልባ ጁላይ ላይ እንደምትነሣ። «አልመክርህም፤ ያንተ ጣት ነው፤ አንተ ምረጥ» ብለህ ጨረስክ። አመሰግናለሁ። አንተ ያልመከርከኝን ግቢው መከረኝ።

«ነጩ!» አሉ እማማ ኦሊብሪስ። «ነጩን አስመጣ፤ ከሩቅ ይታያል።»

«እማማ፣ ቤዝ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ አንተን ስናይ ነው የምናመሸው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር እንይ እንጂ!»

ፀጉር አስተካካዩ ሴናቱስ ደግሞ መቀሱን እያንኳኳ፣ «አምስት ክር? ለአራቱስ መቼ ጣት ኖሮት!» አለ። ከዚያ በኋላ ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ዓሣ ሻጮቹ የክሌርቮ ወገን ሆኑ፤ ክሌርቮ ሲጫወት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው ብለው። ሽማግሌዎቹ የፓፓ ሎሎ ሆኑ፤ እሱ ሦስት ጊዜ ክሩን ይነካና በአራተኛው ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል፣ ሲመለስ ሕዝቡ እዚያው ይጠብቀዋል ብለው። ሁለት ቀን ሙሉ በውኃ ቧንቧው ዘንድ የማይነጋገሩ ሴቶች ነበሩ። ማርጂና እንኳ፣ የገዛ ልጄ፣ «አባዬ፣ ተሳስተህ እንዳታሳፍረን» አለችኝ። ተሳስቼ የማውቅ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን እማማ ኦሊብሪስ ገበያ ሲሄዱ ካሴቱን ብቻዬን ደግሜ ሰማሁት። ሁለቱንም ስም ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። መምህርታችን ማድሞዜል ሮዝሎር «የሰማችሁትን ጻፉ፤ ጆሮ አይዋሽም» ትለናለች። ጻፍሁ። አየኋቸው። ወሰንሁ።

ማንን እንደመረጥሁ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለክሌሚዝም ጭምር። ማስትሮ ያውቁ እንደሆነ ጠይቀሃል፤ ካሴቱን እስከ ሚራጓን ከተማ ድረስ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ እሳቸውም አንዱ ነበሩ መሰለኝ። ምርጫዬን ግን አያውቁም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የጀልባዋ ወጥ ቤት ደግሞ ማንበብ ይችላል፤ ማንበብ የሚችል ሰው እንዴት ያለ መጥፎ ነገር እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ስለዚህ ስሙን በሙሉ አልጽፍም። የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ እጽፍልሃለሁ። አንተ በራሱ ላይ ያለውን ፊርማ ታየዋለህ፤ አትስትም።

በካ የሚጀምረውን ላክልኝ።

ካ፣ K። ቀጥ ያለች፣ እጇንና እግሯን የዘረጋች፤ ሰው ሲጨፍር የምትመስለው።

አሁን ደግሞ በወረቀት መልስልኝ። በካሴት ከመለስክ ለማርጂና ሌላ የክርስትና አባት እፈልግላታለሁ።

ሜሪልየን


ፑዋንታፒትር፣ ጁላይ 8 ቀን 1987

ለውድ አበልጄ ለሜሪልየን፣

ይቅርታህን እለምናለሁ። እውነት ነው፤ አላመንኩም ነበር። ደብዳቤህን አብሮኝ ለሚሠራ ለጓዴሎፕ ሰው አሳየሁትና «ይህን የጻፈው ጠበቃ ነው?» አለኝ። እንዳትኮራ ነው የማልነግርህ እንጂ እንዲህ ነው ያለው። ደግሞ እኔም ከጻፍሁ ዓመታት አልፈውኛል፤ ስህተት ብታገኝ ለማድሞዜል ሮዝሎርህ እንዳታሳያት።

ክሌሚዝን፣ ማርጂናን፣ ግቢውን በሙሉ ሰላም በልልኝ። ቅጠሉ ደርሶኛል። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ደብዳቤህን የከፈትኩት ላብ አጥምቆኝ ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ አሁን ብነግርህ ደስ አይለኝም። «ካ» የምትለዋን ሳይ ግን ወረቀቱን ሳምሁት። እውነቴን ነው፣ ከአንተ አልጠበቅሁም ነበር። ሃያ ዓመት ጉራህን የጠገብሁ ሰው ነኝ፤ ሌላውን ትመርጣለህ ብዬ ነበር። አድገሃል ማለት ነው። ወይም ማንበብ ሰውን ያበስላል የሚሉት እውነት ነው።

መደብሩ ውስጥ ገብቼ ፊርማውን በጣቴ እየተከተልሁ አየሁት፤ ካ፣ ልክ እንዳልከው፣ እጇንና እግሯን የዘረጋች። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሣጥን ውስጥ አድርጌ፣ በሚስማር መትቼ ለካፒቴን ዱማርሴ በእጄ ሰጥቼዋለሁ። ካፒቴኑ «ሬሳ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይ፣ ሬሳ የሚያስነሣ ነው» አልኩት። የአንተን ጉራ ተውሼ።

አንድ ነገር ብቻ። ሣጥኑን ስትከፍት ብቻህን ክፈተው።

ኖርሴዩስ


ፔቲ ጓቭ፣ ኦገስት 9 ቀን 1987

ለኖርሴዩስ፣

ሣጥኑ ደርሷል። ዝናብ አልነካውም። ሚስማሩ ብዙ ነበር። ክሌሚዝ ደህና ናት። ማርጂና ደህና ናት። የእማማ ኦሊብሪስ እግር ተሽሏቸዋል። ሙቀቱ በርትቷል። የማንጎው ወቅት አለቀ።

ሌላ ወሬ የለኝም ብዬ ልጨርስ ነበር፤ እርሳሱ አላስጨርስ አለኝ።

ብቻዬን አልከፈትኩትም። ምክርህ ደርሶኝ ነበር፤ ግን ሣጥን ከባሕር ማዶ መጥቶ ብቻውን የሚከፍት ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ገና አልተወለደም። አርባ ሰው ቆሞ ነበር። እኔም፣ አበልጄ፣ ቀድሜ ተናግሬ ነበር። ሁለት ወር የቻልኩትን ምስጢር በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ፣ መዶሻው እጄ ላይ እያለ፣ አመለጠኝ። «ተዘጋጁ! ነጩን ልታዩ ነው! አምስት ክር!» አልኳቸው። ዓሣ ሻጮቹ እልል አሉ።

ብርድ ልብሱን ገለጥሁት። ቆጠርሁ። አራት። አንዱ በሌላው ሥር ተደብቆ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርሁ። አራት። ነጭም አልነበረም። የጀልባ ሳንቃ ይመስላል።

ከዚያ እማማ ኦሊብሪስ፣ «ነጩ ከሥሩ ነው ያለው?» አሉ።

በራሱ ላይ ያለውን ፊርማ አነበብሁት፤ ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል። ኬብሮ ይላል። «ኬብሮ ደግሞ ማን ነው?» አልሁ።

«አይ አንተ ልጅ» አሉ እማማ ኦሊብሪስ፣ «የፓፓ ሎሎ የአባቱ ስም ነዋ! እናቱንም አውቃቸው ነበር። ሎሎ ብሎ ክርስትና ያነሣው ቄስ አለ እንዴ?»

እኔ ፓፓ ሎሎን ፓፓ ሎሎ ብቻ ነው የማውቀው። አንተም በካሴቱ ላይ እንደዚያ ነው ያልከው። ፓፓ ሎሎ የሚባል ሰው ፊርማው በካ ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ማነው?

ደብተሬን ይዤ ወደ ማድሞዜል ሮዝሎር ሮጥሁ። ልብስ ታጥብ ነበር።

«ይኼ ምን ይላል?» አልኳት።

«ክሌርቮ ነዋ። ጎበዝ ጋሼ ሜሪልየን፣ አንድም አልሳቱ።»

«በካ ነው የሚጀምረው?»

«በክሬዮል ቋንቋችን አዎ፣ በካ ነው። ተጫዋቹ ግን ስማቸውን በፈረንሳይኛ ስለሚጽፉ በሴ ነው የሚጀምሩት።»

«ሴ ማናት?»

በሳሙናው አረፋ ድንጋዩ ላይ C ብላ ጻፈችልኝ። የተነከሰ ብስኩት ትመስላለች።

«ይቺን ለምን አላስተማርሽንም?»

«በእኛ አጻጻፍ አታስፈልግማ፣ ጋሼ። ካ ሥራዋን ትሠራላታለች።»

«አታስፈልግም? አምስተኛ ክሬን ይዛ ሄዳ አታስፈልግም ትያለሽ?»

ልጅቷ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። እኔም አሳዘነችኝ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የአንተም አይደለም። «ካ» ብዬህ ካ ላክህ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እንዳልጽፍልህ ደግሞ እጄ አልለመደውም። ይኸው ግን ጻፍኩት።

ይህን ሳላሳውቅህ ኖሬ ነበር፤ ከጁን ጀምሮ በሳንቃ ላይ አምስት የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወጥሬ ማታ ማታ ጣቴን ሳለማምድ ነበር። እጄ አሁን አምስት ነው የሚያውቀው። አውራ ጣቴ ሁልጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ የሌለውን ክር ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ አፍሮ ይመለሳል። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። አንገቱ ወፍራም ነው፤ እጄ ይደክማል። ትናንት በልምምድ ላይ ኤድዜር በኪቦርዱ ላይ ተደግፎ፣ «ጋሽ ሜሪልየን፣ አምስተኛው ክር የሚመጣው በሚቀጥለው ጀልባ ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ማስትሮ አልሳቁም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ጸልይልኝ። ወይም ቢያንስ ለማንም አትንገር።

ሜሪልየን


ፑዋንታፒትር፣ ኦገስት 24 ቀን 1987

ለአበልጄ ለሜሪልየን፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። በዓሉ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ እኔ ግን ገና ዛሬ ነው የምጨነቀው። ጸልይልኝ ያልከኝን ጸልያለሁ፤ ለኋላ የሚሠራ ከሆነ።

ባለፈው ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ያልኩህን ልንገርህ። ነጩ ቤዝ፣ የክሌርቮው፣ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ሁለት ቀን ቀድሞ ተሸጦ ነበር። አንድ የማርቲኒክ ሰው መጥቶ ወሰደው። አለቃዬ «ጠብቅልኝ» ያልኩትን ረሳው። ደብዳቤህን ስከፍት ላብ ያጠመቀኝ ለዚያ ነው፤ «ነጩን» ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስልህ ነበር? እንደምታፍርብኝ አውቅ ነበር። ካ ስትል ጊዜ ዳንኩ። አየህ፣ ሴን ብታውቃት ኖሮ ያንን በዓል ባዶ እጅህን ትውል ነበር። ለማድሞዜል ሮዝሎር ንገራት፤ ስላላስተማረችህ አመስግናት።

ይህን መደበቅ አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።

አሁን ግን ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። እንቅልፍ የለኝም። ወገቤ ላይ የምሸከመው ሣጥን ሁሉ አንተን አንተን ይለኛል። ከማስትሮ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም? እውነቱን ብቻ፣ ሜሪልየን። ሳትጨምር። አንተን አውቅሃለሁ።

ኖርሴዩስ


ፔቲ ጓቭ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1987

ለተወደድከው፣ ለተከበርከው፣ ለታላቁ አበልጄ ለኖርሴዩስ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጣቶቼ አብጠው እርሳስ አልይዝ ብለውኝ ነው። ለምን አበጡ? ከበዓሉ በኋላ ሚራጓን ተጫወትን። ከዚያ ለዓርብ ወደ አኩዋን ከተማ ጠሩን። ከዚያ አንድ ሠርግ፣ ከዚያ የዚያው ሠርግ መልስ። ቤዙን ማን ተጫወተ? ጣቱ ያበጠውን ሰው ፈልግ!

ክርስትና ልጅህ አሁን በመንገድ ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች፤ ድሮ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ነበር የምትቀረው። ክሌሚዝም «የጀልባው ሞተር ቆየት ቢል ምን አለበት» ማለት ጀምራለች። ይህን ከአፏ የሰማሁ እኔ ነኝ፤ ምስክር ግን የለኝም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በካሬ በካሬ ማቶኔላ የተነጠፈው አዲሱ ወለል ታጥቦ ያበራል። ኤድዜር ጀመረ። አልዋሽህም፣ ጎበዝ ነው። ግራ እጁ አንድ ቦታ ሳያስቀር ሁሉንም ይሞላዋል፤ እንደ ቧንቧ ውኃ አያቋርጥም። ሰዉ ዘለለ፣ አጨበጨበ፣ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ እንደ ገበያ ፍየል ተራወጠ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ቤዙን አቅፌ ክሌረን የሚባለውን አረቄያችንን እየጠጣሁ ነበር። አንድ ብርጭቆ ብቻ። እሺ፣ ሁለት። ማስትሮን አያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን የሰውን ፊት አያዩም፤ ወለሉን ነው የሚያዩት።

ተራዬ ደረሰ። ወጣሁ። ከዓሣ ሻጮቹ መካከል አንዷ «አራት! አራት!» ብላ ጮኸች፤ ለማበረታታት ይሁን ለመሳደብ እስካሁን አልነገረችኝም።

ጀመርሁ። ገና በመጀመሪያው ዙር አውራ ጣቴ ወደ ላይ ወጣ፤ አምስተኛውን ክር ፈለገ፤ አየር አገኘ። አንድ ምት ጎደለ። በሁለተኛው ዙር «ተጠንቀቅ» አልኩት ጣቴን፤ አልሰማኝም፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው ምት ላይ ሄዶ ጎደለ። በሦስተኛውም። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቀዳዳ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። አለቀልኝ ብዬ ወደ ከበሮ መቺያችን ዞርሁ። ያ ሰው ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል! በአራተኛው ዙር ቀዳዳዋ ስትመጣ ከበሮዋን እዚያች ውስጥ አስቀመጣት፤ አንዲት ምት ብቻ፣ በመዳፉ፣ ቀስ ብሎ። በአምስተኛው ዙር ሰዉ እግሩን አስቀመጠባት።

አበልጄ፣ ምን ልበልህ። ያ ወፍራም እንጨት ድምፁን ሲለቅ ዝም ማለትንም ያውቃል። ዝም ሲል ሰው ይጠብቃል። ነጩ ቢሆን፣ አምስተኛው ክር ቢኖር፣ ያን ቀዳዳ እሞላው ነበር፤ እኔም እንደ ኤድዜር ቧንቧ እሆን ነበር። ለሁለት ወር ሳለማምደው የከረምሁት እጄ ለካ የለመደው መጉደልን ነው።

በሦስተኛው ዘፈን ጣቴ መሳት አቆመ። እኔ ግን ቀዳዳዋን ተውኳት፤ አሁን በስህተት ሳይሆን በፈቃዴ። ያን ጊዜ ወለሉን አየሁ። ያ እንደ ፍየል ሲራወጥ የነበረ ሕዝብ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጣብቋል። እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ ማቶኔላ ላይ ቆሟል፤ አይወጣም፣ አይለቅም፤ ወገቡ ብቻ ይዞራል። አባቶቻችን «ኮምፓ ማለት በአንድ ማቶኔላ ላይ የሚያልቅ ጭፈራ ነው» የሚሉትን ታውቀው የለ? መቶ ሰው፣ ሃምሳ ማቶኔላ። እኔ ነኝ የቸነከርኳቸው! እማማ ኦሊብሪስ ከፀጉር አስተካካዩ ከሴናቱስ ጋር፣ ሁለት ወር የማይነጋገሩት፣ በአንድ ማቶኔላ ላይ! ሴናቱስ አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ «ስለ ጣቱ የተናገርኩትን አንስቻለሁ» ሲላቸው ከመድረክ ሆኜ ከአፉ አነበብኩት። አዎ፣ አሁን የሰው ከንፈርም ማንበብ ጀምሬያለሁ።

አራት ዘፈን ተብሎ የታቀደው ዘጠኝ ሆነ። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ማቶኔላውን ለቆ ለማጨብጨብ የፈለገ አልነበረም። ከዚያ ግን በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ርግቦች በሙሉ ተነሡ።

ኤድዜር መጣ። ላቡ ደርቋል። «ጋሽ ሜሪልየን፣ ያቺ ምት የት ሄደች?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ያልተጫወቷት።»

«እሷማ የእኔ ናት» አልኩት። «ያንተ ግራ እጅ ይህን መማር ከፈለገ እሑድ እሑድ ይምጣ። ራስህን ግን ይዘህ መምጣት አለብህ፤ እጅህን ብቻውን አላስተምርም።» ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው። አሁን በልምምድ ላይ ቤዝ ሲመጣ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ማስትሮ ሳይነግሩት።

ማስትሮም ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ መጡ። ቤዙ ገና ጭኔ ላይ ነበር። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ሜሪልየን፣ ካርኒቫል ምን አላት! እኔ ስሞት እንኳ ያለ አንተ ቤዝ እንዳይቀብሩኝ!» አሉኝ።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው፤ ከማስትሮ ጋር ነኝ። ለካርኒቫል ልምምድ በኖቬምበር እንጀምራለን። ማድሞዜል ሮዝሎርን አመስግኜልሃለሁ፤ ነጩ መሸጡንም ነግሬያታለሁ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዜር ይመስገን» አለች፤ ቀጥላም ሴን ላስተምርዎ ወይ ብላኛለች። አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይቅር የምልህ ነገር ስላጣሁ ግን ጊዜ ወስዶብኛል። ለማርቲኒኩ ሰውም ነጩ ቤዝ ይባረክለት።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አጥፌ ላሽገው ነበር። ከዚያ «ሳትጨምር» ያልከው ታወሰኝና መልሼ ከፈትኩት።

የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነው። ማቶኔላውም፣ ቀዳዳዋም፣ እማማ ኦሊብሪስና ሴናቱስም። ክሌረኑ ሦስት ብርጭቆ ነበር፤ ይህ ግን ውሸት አይደለም፤ ቆጠራ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ አውጥቻለሁ። ማስትሮ ያን አላሉም። ስለ ቀብራቸውም ስለ ካርኒቫልም ምንም አላሉም። መጡ፤ ጎንበስ አሉ፤ ከኮታቸው ኪስ መሐረባቸውን አወጡና በላቤ የራሰውን ክር ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። አንዱን። ከዚያ ሁለተኛውን። አራቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። ሲጨርሱ መሐረቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጥተው ሄዱ። ይህን ብቻ ብጽፍልህ «ታዲያ ምን አሉህ?» ብለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ነው ያን ቃል በአፋቸው ያኖርሁት።

አበልጅህ፣
ሜሪልየን